ለምንድነው የ7 ካሬ 25 የሆነብኝ? በዎልፍራም ቋንቋ ሁለቱ የ«ይሁን» ዓይነቶች

አንድ ምሽት ኮምፒውተሬ ላይ በጣም ቀላል ነገር ጻፍኩ። የካሬ ጎን ስሰጠው ስፋቱን አስልቶ የሚነግረኝ ፈንክሽን ነው። ጎኑ 7 ነው አልኩት። 25 አለኝ። 100 አልኩት። አሁንም 25። ግራ ሲገባኝ ቁጥሩን ትቼ «ቡና» የሚል ቃል ሰጠሁት። የቡናም ስፋት 25 ሆኖ አረፈው።

ፕሮግራሙ ተበላሽቷል ብዬ ዘግቼ ከፈትኩት። ያንኑ መስመር፣ አንድ ፊደል ሳልቀይር፣ እንደገና ጻፍኩ። በትክክል ሠራ! 7 ሲባል 49፣ 100 ሲባል 10000። ይሄ ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ አናደደኝ። ስህተት ሆኖ ቢቀር እኮ አንድ ነገር ነው። ሲፈልግ የሚሠራ፣ ሲፈልግ የማይሠራ ፕሮግራም ግን እንቅልፍ ይነሳል።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። አንዲት ምልክት፣ ሁለት ነጥብ፣ ዘልያለሁ። := መጻፍ ሲገባኝ = ጻፍኩ። በዎልፍራም ቋንቋ፣ ማቲማቲካ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር የፕሮግራም ቋንቋ፣ የሚጀምር ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ቀን እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ብዙዎች የሚወጡት «ለፈንክሽን :=፣ ለሌላው =» የሚል ቀመር ሸምድደው ነው። ቀመሩ ለጥቂት ሳምንታት ያገለግላል፤ ከዚያ ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ይከታል። ስለዚህ ዛሬ ውስጡን እንክፈተው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። በእውነተኛው ፕሮግራም ላይ ትእዛዞቹ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጻፉት። እዚህ ግን ለማንበብ እንዲቀል በአማርኛ ተክቻቸዋለሁ። ምልክቶቹ፣ ቅንፎቹና አሠራሩ ግን ያው ናቸው።

ቋንቋው ምን ዓይነት ነው?

ማቲማቲካ የሚባለው ሶፍትዌር የመጀመሪያ እትሙ የወጣው እ.ኤ.አ. ሰኔ 1988 ነው። የፈጠረው ለንደን የተወለደው የፊዚክስ ሰው ስቲቨን ዎልፍራም ነው። «ማቲማቲካ» የሚለውን ስም ያቀበለው ደግሞ ስቲቭ ጆብስ ነበር። የማቲማቲካ ቋንቋ ለብቻው «የዎልፍራም ቋንቋ» መባል የጀመረው ቆይቶ ነው። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ራስበሪ ፓይ በምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ያለ ክፍያ ስለሚገኝ፣ ውድ ፈቃድ መግዛት የማይችል ተማሪም ሊሞክረው ይችላል።

ለዛሬው ጉዳያችን ዋናው ነገር ግን ቋንቋው «ሲምቦሊክ» መሆኑ ነው። ምን ማለት ነው? ፓይተን የሚባለው ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ ላይ ገብታችሁ፣ ሀ ምን እንደሆነ ሳትነግሩት «ሀ + ሀ» ብትሉት ይጮኻል። «ሀ የሚባል ነገር አላውቅም» ይላል። የዎልፍራም ቋንቋ ግን አይጮኽም። ረጋ ብሎ «2ሀ» ብሎ ይመልሳል። ልክ የስምንተኛ ክፍል የሂሳብ መምህራችን ሰሌዳ ላይ እንደሚያደርጉት። ሀ ስንት እንደሆነ አይታወቅም፤ ቢሆንም ሀ ሲደመር ሀ ሁለት ሀ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆዩ። ዋጋ ያልተሰጠው ስም በዚህ ቋንቋ ስህተት አይደለም። ራሱን ችሎ የሚቆም ነገር ነው። ይደመራል፣ ይባዛል፣ ይከፈላል። በሌሎች ብዙ ቋንቋዎች ፈንክሽን ሲጻፍ «መቼ ይሰላ?» የሚለው ጥያቄ አይነሳም፤ ቁጥሩ ሳይመጣ ማስላት አይቻልማ። እዚህ ግን ይቻላል። ቁጥሩ ሳይመጣም ማስላት፣ ሲመጣም ማስላት ይቻላል። ሁለት ምልክት ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ታዲያ = እና := ምን ይለያቸዋል?

ሁለቱም «ይሁን» ማለት ናቸው። ልዩነቱ ሰዓቱ ላይ ነው።

= ማለት «አሁን ይሁን» ነው። ከቀኙ ያለውን ነገር አሁኑኑ አስላ፣ የወጣውን ውጤት ለግራው ስም ስጥ። := ማለት «ሲጠራ ይሁን» ነው። ከቀኙ ያለውን አትንካው፣ እንደተጻፈ አስቀምጠው፣ ስሙ በተጠራ ቁጥር ያን ጊዜ አስላው።

አንድ ፎርም አስቡ። አንዱ ሰው በ2017 ዓ.ም. ሲሞላ «ዕድሜ፦ 27» ብሎ ጻፈ። ሌላው «የትውልድ ዘመን፦ 1990» ብሎ ጻፈ። በሞሉበት ቀን ሁለቱም እኩል እውነት ናቸው። ከዓመታት በኋላ ፋይሉን ለሚያወጣው ሰው ግን አንደኛው 27 ላይ ቀርቷል። ሁለተኛው ዛሬም ይሠራል፤ በምላሹ ባነበቡት ቁጥር መቀነስ ይጠይቃል። = ዕድሜውን ይጽፋል። := የትውልድ ዘመኑን ይጽፋል።

የቋንቋው ሰነድ ሁለቱን በእንግሊዝኛ ስማቸው ይጠራቸዋል። የ= ስም «ሴት» ነው፤ ማስቀመጥ ማለት። በአማርኛ ስጽፈው ሌላ ነገር ስለሚመስል ከዚህ በኋላ በምልክታቸው ብቻ እጠራቸዋለሁ።

በተግባር እንየው። ከ1 እስከ 6 ካሉት ቁጥሮች አንዱን በዕጣ የሚያወጣ ትእዛዝ አለ እንበል፤ «ዕጣ» እንበለው።

ሀ = ዕጣ[1, 6]
ለ := ዕጣ[1, 6]

የመጀመሪያውን ስትጽፉ ወዲያው አንድ ቁጥር ብቅ ይላል፤ 4 እንበል። ዕጣው ወጥቷል፣ አልቋል። ሀ ከአሁን በኋላ 4 ነው። ሁለተኛውን ስትጽፉ ግን ምንም አይታይም። ጀማሪ ሰው «አልሠራም እንዴ?» ብሎ ደጋግሞ ይጫናል። ሠርቷል። የሚያሳየው ነገር ስለሌለው ነው ዝም ያለው። ዕጣው ገና አልወጣም፤ «ለ ሲባል ዕጣ አውጣ» የሚል ማስታወሻ ብቻ ነው የያዘው።

አሁን ደግሞ ይህን ጠይቁት።

ሀ - ሀ
ለ - ለ

የመጀመሪያው ሁልጊዜ ዜሮ ነው። ሁለተኛው 3 ሊሆን ይችላል፣ ከዜሮ በታች 2 ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ለ ሲጠራ አንድ ዕጣ ወጣ፣ ሁለተኛው ለ ሲጠራ ሌላ ዕጣ። ዜሮ የሚመጣው በአማካይ ከስድስት ሙከራ አንዴ ነው። «ለ ከለ ጋር እኩል ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁትም አብዛኛውን ጊዜ «አይደለም» ይላችኋል። ከራሱ ጋር እኩል ያልሆነ ነገር! የሂሳብ መምህራችን ይህን ቢያዩ ጠመኔያቸውን ይወረውሩ ነበር። ግን ለ ቁጥር አይደለም፤ ለ ትእዛዝ ነው።

ስህተትም በዚሁ ሰዓት ይዘገያል። በ= አንድን ለዜሮ አካፍል ብትሉት እዚያው ይነጫነጫል። በ:= ብትጽፉት ትንፍሽ አይልም። የሚነጫነጨው ከሦስት ቀን በኋላ ስሙን ስትጠሩት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ የት እንዳለ ረስታችኋል።

ቆጣሪ ለመጨመር ደግሞ := በፍጹም አይሆንም። ሀ 5 ከሆነ «ሀ = ሀ + 1» ስትሉ 6 ይሆናል። «ሀ := ሀ + 1» ብትሉ ግን፣ ሀ ምንድነው ሲባል «ሀ ሲደመር 1»፣ እሱስ ሀ ምንድነው ሲባል እንደገና «ሀ ሲደመር 1»... ማለቂያ የለውም። ቋንቋው ራሱን ለመከላከል ያስቀመጠው ወሰን አለና እዚያ ሲደርስ ያቆመዋል። ባያቆመው ኖሮ ማሽኑን ይዞት ይሄድ ነበር።

በ= የተቀመጠ ነገር ለዘላለም ይረጋል ማለት ነው?

አይደለም። ብዙ ማብራሪያ ይህን ያልፈዋል። ለእኔ ግን የጉዳዩ ልብ እዚህ ነው።

የሽንኩርት ኪሎ 100 ብር ነው እንበል።

ሽንኩርት = 100
መ = 3 * ሽንኩርት
ሠ := 3 * ሽንኩርት

መ 300 ነው። ሠም ሲጠራ 300 ይላል። ነገ ዋጋው ወደ 150 ወጣ፤ «ሽንኩርት = 150» ብለን አስተካከልን። መ አሁንም 300 ነው፤ ሠ ግን 450 ይላል። እስካሁን የጠበቅነው ነው።

አሁን ሁሉንም አጥፉና ቅደም ተከተሉን ቀይሩ። የሽንኩርቱን ዋጋ ሳትነግሩት መጀመሪያ «መ = 3 * ሽንኩርት» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ በኋላ «ሽንኩርት = 100» በሉ። መ ስንት ነው? 300። ከዚያ ሽንኩርትን 150 አድርጉት። መ ስንት ሆነ? 450! በ= ተጽፎ፣ በ:= እንደተጻፈ ሆነ።

ምን ተፈጠረ? = ቃሉን አልሻረም። ከቀኝ ያለውን አሁኑኑ አስላ ተባለ፤ አሰላ። ያኔ ግን ሽንኩርት ዋጋ የለውም ነበር። ዋጋ የሌለው ስም ደግሞ ራሱን ሆኖ ይቆማል ብለናል። ስለዚህ የስሌቱ ውጤት «3 ሽንኩርት» ራሱ ነበር፤ የተቀመጠውም እሱ ነው። በኋላ መ ሲጠራ ቋንቋው «3 ሽንኩርት»ን አወጣ፣ ሽንኩርት አሁን ዋጋ እንዳለው አየ፣ ተካው። ይህ ቋንቋ የሚቀየር ነገር እስካለ ድረስ ማስላቱን አያቆምም።

ስለዚህ = የሚያረጋው በጻፋችሁበት ደቂቃ ሊሰላ የሚችለውን ያህል ብቻ ነው። ያልተሰላው እንደ ጥሬው ይቀመጣል። ያንኑ መስመር ጠዋት ስትጽፉትና ማታ ስትጽፉት የተለያየ ነገር ሊያስቀምጥ የሚችለው ለዚህ ነው። በመሀል ምን እንደተናገራችሁ ይወስነዋል።

እና 25 ከየት መጣ?

ያን ምሽት የጻፍኩት ይህን ነበር።

ስፋት[ጎን_] = ጎን^2

^2 «በካሬ» ማለት ነው። ከጎን ቀጥሎ ያለችው የታች ሰረዝ (_) ግን ትልቅ ነገር ናት። «እዚህ ቦታ ላይ ማንኛውም ነገር ሊመጣ ይችላል፤ የመጣውን ጎን ብለህ ጥራው» ማለት ናት። እሷ ባትኖር ፈንክሽኑ የሚሠራው ጎን ለሚለው ስም ብቻ ይሆን ነበር።

ያን ቀን ጠዋት ግን፣ በሌላ መስኮት፣ ሌላ ሥራ ስሠራ «ጎን = 5» ብዬ ነበር። መስኮቱን ዘግቼዋለሁ። ረስቼዋለሁ። ቋንቋው ግን አልረሳም። መስኮቶቹ ቢለያዩም ከኋላ ሆኖ የሚያሰላው ሞተር አንድ ነው። አንዱ መስኮት ላይ የተባለውን ሌላውም ያውቃል። መስኮት መዝጋት ከሞተሩ ትውስታ ምንም አያጠፋም።

ማታ = ስጽፍ ከቀኝ ያለው አሁኑኑ ይሰላ ተባለ። ጎን 5 ነው። 5 በ5 ሲባዛ 25። የተቀመጠው ሕግ እንግዲህ ይህ ሆነ፦ «ማንኛውም ነገር ሲመጣ፣ መልሱ 25 ነው።» ቀኙ ላይ ጎን የሚባል ስም ጨርሶ የለም። 7 ቢመጣ የሚተካበት ቦታ የለውም። ቡናም ያው።

ፕሮግራሙን ዘግቼ ስከፍተው ሞተሩ እንደ አዲስ ተነሳ። ጎን ዋጋ የሌለው ስም ሆነ። = አሁንም አሰላ፤ የተሰላው ግን «ጎን በካሬ» ራሱ ነበር። እሱ ደግሞ ትክክለኛው ቀመር ነው። ስለዚህ ሠራ። በዕድል ነው የሠራው።

በ:= ብጽፈው ኖሮስ? ቀኙ ሳይነካ ይቀመጥ ነበር። 7 ሲመጣ መጀመሪያ ጎን በ7 ይተካል፣ ከዚያ ይሰላል። የጠዋቱ 5 የሚገባበት ክፍተት አያገኝም።

እንግዲያው ሁልጊዜ := ብጽፍስ?

«ለፈንክሽን :=» የሚለው ሽምደዳ የሚሰበረው እዚህ ነው።

አንድ መኪና የተጓዘው ርቀት በጊዜ ኩብ ይሄዳል እንበል። ፍጥነቱን ለማግኘት ደሪቫቲቭ፣ ማለትም አንድ ነገር በምን ያህል ፍጥነት እንደሚለወጥ የሚነግረንን ስሌት፣ እንወስዳለን።

ፍጥነት[ጊዜ_] := ደሪቫቲቭ[ጊዜ^3, ጊዜ]

ንጹህ ይመስላል። አሁን «ፍጥነት[2]» በሉት። ስህተት ይላችኋል፤ «2 ተለዋዋጭ አይደለም» ይላል። ለምን? := የሚያደርገውን ደረጃ በደረጃ ተከተሉት። መጀመሪያ ይተካል፣ ከዚያ ያሰላል። ጊዜ የሚለው ስም በታየበት ሁሉ 2 ተተካ። የደረሰው ትእዛዝ «የ2 ኩብን ደሪቫቲቭ፣ ከ2 አንጻር» ነው። ከ2 አንጻር ደሪቫቲቭ የሚባል ነገር የለም። ቋንቋው ትክክል ነው፤ ተናጋሪው ነው የተሳሳተው።

በ= ቢሆን ደሪቫቲቩ የሚወሰደው ፈንክሽኑ በተጻፈበት ደቂቃ፣ ጊዜ ገና ስም እያለ ነው። «3 ጊዜ^2» ተቀመጠ። 2 ሲመጣ 12። አለቀ። ጊዜ የሚለው ስም ቀድሞ ዋጋ ካልተሰጠው ማለት ነው፤ ተሰጥቶት ከሆነ የ25ቱ ታሪክ በሌላ መልኩ ይመለሳል።

የፍጥነት ጉዳይም አለ። ደሪቫቲቩ ቀርቶ አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ከባድ ኢንተግራል ነው እንበል፤ ውጤቱ ግን አጭር ቀመር ነው። በ= አንድ ደቂቃ ትጠብቃላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ግራፍ ለመሳል መቶ ነጥብ ብትጠይቁት ቀመሩ ላይ ቁጥር መተካት ብቻ ስለሆነ በቅጽበት ይመልሳል። በ:= ኢንተግራሉ ለየነጥቡ እንደ አዲስ ይሰላል። መቶ ደቂቃ። ሻይ ብቻ ሳይሆን ምሳም በልታችሁ ትመለሳላችሁ።

በተቃራኒው ደግሞ = የሚያሳፍርበት ቦታ አለ። የአንድን ዝርዝር ርዝመት የሚነግር ፈንክሽን እንጻፍ።

ስንት[ዝርዝር_] = ርዝመት[ዝርዝር]

ይህ ፈንክሽን ምንም ብትሰጡት ዜሮ ይላል። ሺህ ቁጥር ስጡት፣ ዜሮ። ምክንያቱም = ሲያሰላ ዝርዝር ገና ባዶ ስም ነው፤ በውስጡ ምንም የለም፤ ርዝመቱም ዜሮ ነው። ዜሮ ተቀመጠ። ይህኛው ከ25ቱ ይከፋል፤ ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ብትከፍቱትም አይድንም። ሞተሩ ንጹህ ሲሆን ነው እንዲያውም ዜሮ የሚለው።

እንግዲህ ስትጽፉ ራሳችሁን የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው። ከቀኝ ያለው ሥራ መሠራት ያለበት ስሙ ገና ስም እያለ ነው ወይስ ስሙ በእንግዳው ከተተካ በኋላ? ደሪቫቲቭና ኢንተግራል የመጀመሪያውን ይፈልጋሉ። ርዝመት፣ ዕጣ፣ የአሁን ሰዓት፣ ፋይል መክፈት ሁለተኛውን ይፈልጋሉ። እንደ ጎን በካሬ ያለ ተራ ቀመር ደግሞ፣ ስሙ ንጹህ እስከሆነ ድረስ፣ በሁለቱም ይሠራል። ግራ የሚያጋባውም ይህ ነው፤ መማሪያ መጻሕፍት በተራ ቀመር ስለሚጀምሩ ልዩነቱ አይታይም።

ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀም ይቻላል?

ይቻላል። ከቋንቋው ጥበቦች እኔ በጣም የምወደው ይሄ ነው።

የፊቦናቺን ተራ ቁጥሮች ታውቃላችሁ። 1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8... እያንዳንዱ ከፊቱ ያሉት ሁለቱ ድምር ነው። በ:= እንዲህ ይጻፋል።

ፊ[1] = 1
ፊ[2] = 1
ፊ[ን_] := ፊ[ን-1] + ፊ[ን-2]

ትክክል ነው፤ ግን ዝንጉ ነው። 30ኛውን ብትጠይቁት 29ኛውንና 28ኛውን ይፈልጋል። 29ኛው ደግሞ 28ኛውን እንደገና ይፈልጋል። ያሰላውን ስለማይዝ ያንኑ ደጋግሞ ያሰላል። 832040 የሚለውን መልስ እስኪሰጥ ድረስ ፊ 1,664,079 ጊዜ ይጠራል። አሁን የመጨረሻውን መስመር እንዲህ ቀይሩት።

ፊ[ን_] := ፊ[ን] = ፊ[ን-1] + ፊ[ን-2]

:= ውስጥ = ተደርጓል። ሲነበብ እንዲህ ነው፦ «ስትጠራ፣ አስላ፤ ያሰላኸውን ደግሞ አሁኑኑ ጽፈህ ያዝ።» አሁን ለ30ኛው የሚያስፈልገው 28 መደመር ብቻ ነው። 3ኛው አንዴ ከተሰላ «ፊ[3] = 2» የሚል አዲስ ሕግ ተጽፎ ይቀመጣል። ቀጥሎ 3ኛው ሲጠየቅ ማንም አያሰላም። ይህ የሚሠራው ቋንቋው ከጥቅል ሕግ ይልቅ ለይቶ የተነገረውን ስለሚያስቀድም ነው። «ማንኛውም ን» ከሚለው በፊት «3 ከሆነ» የሚለውን ያያል።

ቡና ከማፍላት ጋር አንድ ነው። = ማለት እንግዳ ይምጣ አይምጣ ጠዋት አፍልቶ ፔርሙዝ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። := ማለት እንግዳ በመጣ ቁጥር ቆልቶ፣ ወቅጦ እንደ አዲስ ማፍላት ነው። ይህኛው ደግሞ የመጀመሪያው እንግዳ ሲመጣ አፍልቶ የተረፈውን ለቀጣዩ በፔርሙዝ መያዝ ነው። ቡና ወዳድ ሊቀየመኝ ይችላል። ለቁጥር ግን የፔርሙዙ አይበላሽም።

አይበላሽም ስል፣ ቀመሩ እስካልተቀየረ ድረስ ነው። ቀመሩን ብታሻሽሉት የተያዙት አሮጌ መልሶች አሉ፤ አዲሱን ቀመር ቀድመው መልስ ይሰጣሉ።

የምትክ ሕጎችስ?

ያው ታሪክ ነው፤ በአጭሩ ልለፈው። በዚህ ቋንቋ አንድን ነገር በሌላ ለመተካት ቀስት ይጻፋል። -> የ= ዘመድ ነው፣ :> የ:= ዘመድ። ሦስት ቦታ ላይ ያለን ስም በዕጣ ቁጥር ተካ ብትሉ፣ በ-> ሦስቱም ቦታ አንድ ዓይነት ቁጥር ይሆናል፤ በ:> የየራሳቸው ይወጣላቸዋል። ሁለት ነጥብ ያለበት ሁሉ የሚያዘገይ ነው።

ሁለት ነጥቡ በሌላ ቋንቋም ይህንኑ ይላል?

አይልም፤ ከሌላ ቋንቋ የመጣ ሰው የሚሰናከለውም በዚህ ነው። አልጎልና ፓስካል በሚባሉት የቆዩ የፕሮግራም ቋንቋዎች := ተራ «አሁን ይሁን» ነው። የዎልፍራም ተፎካካሪ በሆነው ሜፕልም እንዲሁ። ፓይተን በ3.8 እትሙ፣ በ2019 እ.ኤ.አ.፣ := አስገብቷል፤ እሱም አሁኑኑ የሚያሰላ ነው። የሚገርመው ግን ፕሮግራም ለማጠናቀር የሚያገለግለው ጂኤንዩ ሜክ ነው። እዚያ = ነው የሚያዘገየው፣ := ነው አሁኑኑ የሚያሰላው። ፍጹም ግልባጭ! ሁለቱን በአንድ ቀን የሚጽፍ ሰው አዝናለሁ ከማለት ውጪ ምንም አልለውም።

ኤክሴል የሚያውቅ ሰው በተሻለ ቦታ ላይ ነው። ሴል ውስጥ ቀመር ማስቀመጥና ቀመሩን ገልብጦ ቁጥሩን ብቻ መለጠፍ የተለያዩ መሆናቸውን በእጁ ያውቀዋል። አንድ ልዩነት ብቻ ልብ በሉ። ኤክሴል ምንጩ ሲቀየር ራሱ ያድሳል፤ := ግን ካልተጠራ አይነቃነቅም።

የተበላሸብኝን እንዴት ልወቅ?

ከስሙ በፊት የጥያቄ ምልክት አድርጋችሁ ጻፉ፤ ?ስፋት እንደ ማለት። የተቀመጠውን ሕግ እንዳለ ያሳያችኋል። ያን ምሽት ይህን ባውቅ «ስፋት[ጎን_] = 25» የሚል ጽሑፍ ፊት ለፊቴ ይመጣ ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ፕሮግራሙን ባልተሳደብኩ።

ቀለምም ይናገራል። መደበኛው መስኮት ላይ ዋጋ ያልተሰጠው ስም ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ ዋጋ ሲያገኝ ይጠቁራል። በ= ቀመር ከመጻፋችሁ በፊት ስሙን ለብቻው ጻፉትና እዩት። ጥቁር ከሆነ ክሊር በሚባለው ትእዛዝ አጥፉት።

አጻጻፉን ከ= ወደ := ስታስተካክሉ አዲሱ ሕግ አሮጌውን ይተካዋል፤ «ስፋት[ጎን_]» የሚለው ግራው አንድ ስለሆነ። ነገር ግን በመሀል፣ ችግሩን ስትፈልጉ፣ ለሙከራ «ስፋት[7] = 49» ብላችሁ ጽፋችሁ ከነበር እሷ አትነሳም። ለይታ የተነገረች ናትና ከጥቅሉ ቀድማ ትጠራለች። ቀመሩን ነገ ወደ አራት ማዕዘን ፒራሚድ ብትቀይሩትም 7 ሲባል 49 ትላለች። ስለዚህ ፈንክሽን እንደገና ስትጽፉ ከላዩ አንድ መስመር ጨምሩ፦ ክሊር[ስፋት]። እኔ አሁን ሳላስበው ነው የምጽፈው።